የታካሚ ፈቃድ እና የመወሰን ችሎታ

ሐኪም በሰው አካል ላይ ምርመራም ሆነ ሕክምና ከማድረጉ በፊት የታካሚውን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት የብዙ አገሮች ሕግና የሙያው ሥነ ምግባር ይደነግጋሉ። ፈቃዱ የሚጸናው ታካሚው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሕክምናው ጥቅምና ጉዳት፣ ስለ ሌሎች አማራጮች፣ ሕክምናው ቢቀርም ስለሚመጣው ነገር በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለመወሰን በሚያስችል አእምሮ ሆኖ የሰጠው ከሆነ ነው። ፊርማ የዚህ ንግግር ማስረጃ እንጂ ፈቃዱ ራሱ አይደለም።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን፣ ሕክምናንና ቀዶ ጥገናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለው ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ትናንት ቅጽ የፈረመ ታካሚ ዛሬ ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊገባ ሲል ሐሳቡን ቢለውጥ የትናንቱ ፊርማ አያስረውም። ይኸው አንቀጽ እንደ አስገዳጅ ክትባት ያሉ ለሕዝብ ጥቅም የሚወጡ ደንቦችን፣ እንዲሁም አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለን ሰው (ፍርድ ቤት ራሱንና ንብረቱን እንዳያስተዳድር የከለከለውን) የሚያስተዳድር አሳዳሪ ለዚያ ሰው ጤና የሚበጅ ሕክምና ለማስደረግ ያለውን ሥልጣን አይነካም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥርን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 299/2006ም ሲወጣ የታካሚን ፈቃድ ለጤና አገልግሎት አሰጣጥ መስፈርት አድርጎት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የመወሰን ችሎታ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ በግልጽነቱ የሚጠቀሰው የእንግሊዝና ዌልስ የአእምሮ ችሎታ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2005) ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አዋቂ ሰው ችሎታ እንደሌለው እስካልተረጋገጠ ድረስ ችሎታ እንዳለው ይቆጠራል፤ ውሳኔው ለሌሎች ሞኝነት መስሎ ስለታየ ብቻም ችሎታውን አያጣም። የሚመረመረው ሰውየው የተነገረውን መረዳት፣ ለመወሰን የሚበቃውን ያህል ማስታወስ፣ ማመዛዘን፣ ውሳኔውንም በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መግለጽ መቻሉ ነው። መለኪያው በዚያ ሰዓት፣ ለዚያች አንድ ውሳኔ ነው፤ ስለ ንብረቱ መወሰን ያቃተው ሰው ደም ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ መወሰን ይችል ይሆናል፣ በትኩሳት የቃዠም ታካሚ ሲበርድለት ወደ ቀልቡ ይመለሳል። ሕክምናው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ መጠበቅ ይገባል።

ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከጣሉት ፍርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ የተሰጠው ነው። የ68 ዓመቱ ታካሚ ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብንና እውነታን የመለየት ችሎታን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበትና በጥብቅ የአእምሮ ሆስፒታል የሚኖር ሲሆን፣ ዓለም ያወቀው ሐኪም ነኝ ብሎም ያምን ነበር። እግሩ በጋንግሪን (ሥጋው ሞቶ በሚበሰብስበት ሕመም) ሲያዝ ሐኪሙ ካልተቆረጠ የመዳን ዕድሉ 15 በመቶ ብቻ ነው አለ፤ ታካሚው ግን እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ሕመሙ ስለ እግሩ የተነገረውን ከመረዳት፣ ከማመንና ከማመዛዘን እንዳላገደው በማረጋገጥ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ እግሩ እንዳይቆረጥ ከለከለ። የምርመራ ውጤት ስም ብቻውን የሰውን ቃል እንደማይሽር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል።

ራሱን ስቶ የመጣና ፈቃዱን የሚገልጽ ነገር ያልተገኘ ታካሚ ሕይወቱን ለማትረፍ አስቸኳይ ሕክምና ይደረግለታል።

በአገራችን ሆስፒታሎች ሕጉና ልማዱ በሰፊው የሚለያዩት አስታማሚ ላይ ነው። ቤተሰብ ለሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ሌሊቱን አልጋው ሥር የሚያድር በመሆኑ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያናግረው እርሱን ነው፤ ቅጹም ለባል፣ ለልጅ ወይም ለታላቅ ወንድም ይቀርባል። መመካከር መልካም ነው፤ ብዙ ታካሚዎችም የሚመርጡት እርሱን ነው። ነገር ግን አዋቂና ንቁ የሆነች ሴት አልጋዋ ላይ እያለች ባሏ በእርሷ ፈንታ ሲፈርም፣ የአንቀጽ 20 መብት ባለቤት ሳትጠየቅ ቀረች ማለት ነው። የካንሰር ውጤት ሲመጣም ቤተሰብ «እንዳይነገረው፣ ይደነግጣል» ብሎ ሐኪሙን ይማጸናል፤ ይህ ከፍቅር የሚመነጭ ልመና ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ታካሚውን «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ከማን ጋር እንድንነጋገር ትወዳለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን፣ ነገሩን ለልጁ የሚተወው ታካሚ በራሱ ፈቃድ ይተዋል፤ ማወቅ የሚፈልገውም ምን ዓይነት መድኃኒት በደም ሥሩ እንደሚገባ ሳያውቅ ኬሞቴራፒ አይጀምርም።