የቲንት የሐኪም ፈቃድ ምንድን ነው?

በቨርጂኒያ የመኪና መስታወት በቲንት (በሚለጠፍ የሚያጠቁር ፊልም) ለሌላው ሰው ከተፈቀደው በላይ እንዲጠቁር የሚፈቅድ፣ የዲኤምቪ (የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት) ኮሚሽነር የሚሰጠው ወረቀት ነው። የተዘጋጀው ፀሐይ ወይም ደማቅ መብራት ለሚጎዳቸው ሕመምተኞች ነው። ሕመምተኛው የግድ ሹፌሩ እንዲሆን አይጠበቅም፤ በመኪናው ዘወትር የሚጓዝ ልጅ ወይም እናትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ እንደልብ ማጥቆር የሚቻል የሚመስለው ግን ብዙ ነው። አይቻልም።

ሕጉ የሚለካው በመስታወቱ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሆነ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስታወቱ ይጠቁራል። የፊት በር መስታወቶች ቢያንስ 50 በመቶ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያሉት 35 በመቶ ማሳለፍ አለባቸው። ፈቃዱ የፊት በሮቹንም ወደ 35 ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ በታች መሄድ የለም። ትልቁ የፊት መስታወት ላይ ከላይኛው 5 ኢንች ገደማ በስተቀር፣ በፈቃድም ቢሆን ከ70 መውረድ አይቻልም።

ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። የፊልሙ ካርቶን ላይ የተጻፈው የፊልሙ ቁጥር እንጂ የመስታወትዎ አይደለም፤ ከፋብሪካ የወጣ መስታወት ራሱ የተወሰነ ብርሃን ያስቀራል። የፊት በሩ መስታወት 75 በመቶ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ 50 የሚባለው ፊልም ሲለጠፍበት 0.75 ሲባዛ በ0.50፣ 37.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ያለ ፈቃድ ጥፋት፣ በፈቃድ ግን ሕጋዊ ነው። በዚያው መስታወት ላይ 35 ፊልም ከተለጠፈ ወደ 26 ይወርዳል፤ ያኔ ፈቃዱም አያድንም። ፖሊስ መስታወቱን በከፊል አስወርዶ መለኪያውን ጠርዙ ላይ ሲያስገባ ሕጉ 7 ነጥብ ያህል ይቅርታ ያደርጋል፣ 26 ግን ከ28ም በታች ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከመለጠፉ በፊት ባዶውን መስታወት እንዲለካልዎ ይጠይቁ። መለኪያ የሌለው ቤት ከሆነ ሌላ ቤት ይሂዱ።

ማመልከቻው ሜድ 20 የሚባለው የዲኤምቪ ቅጽ ነው። ሐኪም ወይም ኦፕቶሜትሪስት (የዓይን መርማሪ ባለሙያ) ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ለይቶ፣ ቲንቱ ለጤናው አስፈላጊ መሆኑን ጽፎ ይፈርማል። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያ ፊልሙ። የሐኪሙ ደብዳቤ ብቻውን ፈቃድ አይደለም፤ መኪናው ውስጥ መኖር ያለበት ዲኤምቪ የሰጠው ወረቀት ነው። መኪናው ሲሸጥ ወይም ሕመሙ ሲያበቃ ፈቃዱ ይሞታል። ከመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ፖሊስ በቲንት ብቻ መኪና አያስቆምም፤ በሌላ ጥፋት ካስቆመ ግን ቲኬቱን ሊጨምርበት ይችላል።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚጎዳዎ የትኛው ብርሃን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ጥቁረትና ከፀሐይ መከላከል አንድ አይደሉምና። ትልቁ የፊት መስታወት ድርብ ስለሆነ አልትራቫዮሌትን (ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር) በአብዛኛው ያስቀራል፤ የበሮቹ መስታወት ግን ብዙውን ጊዜ ነጠላ በመሆኑ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለውን ብዙ ያሳልፋል። ጥሩ ጥራት ያለው፣ ለዓይን ነጭ፣ ማለትም ቀለም አልባ የሚመስል ፊልም 99 በመቶውን አልትራቫዮሌት ሊያግድ ይችላል። ለብዙ የሉፐስ (ፀሐይ ሊያባብሰው የሚችል በሽታ) ሕመምተኞች፣ ወይም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ መድኃኒት ለሚወስዱ፣ ይኸው ሊበቃ ይችላል። ቆዳን ለብርሃን የሚያጋልጥ ፖርፊሪያ የሚባል ሕመም ያለበትን ሰው ግን የሚያቃጥለው በዓይን የሚታየው ሐምራዊ ብርሃን ጭምር ስለሆነ ነጩ ፊልም አይበቃውም፤ ለእሱ ጥቁሩ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቁጥሮቹ ድልድይ ተሻግረው ወደ ጎረቤት ግዛት ሲገቡ ይለያያሉ። ሜሪላንድ ለአውቶሞቢል የፊት በር 35 ትፈቅዳለች፤ ዋሽንግተን ዲሲ ለፊት በር 70፣ ለኋላ 50 ትጠይቃለች። ስለዚህ ሜሪላንድ ሕጋዊ የነበረ መኪና ባለቤቱ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ሲቀይር ጥፋተኛ ይሆናል። ትራክ የሚነዱ ደግሞ ሌላ ደንብ አለባቸው፦ በንግድ ተሽከርካሪ ላይ የፌደራሉ ደንብ ለትልቁ የፊት መስታወትና ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ላሉት መስታወቶች 70 በመቶ ይጠይቃል፤ የቨርጂኒያው ፈቃድ የሚያነሳው የቨርጂኒያን አንቀጽ ብቻ ነው።