በመሥዋዕትነት መስጠት፦ ከሁለቱ ሳንቲሞች እስከ ሕያው መሥዋዕት

በክርስትና ውስጥ መስጠት ብዙ ስም አለው። አሥራት አለ፤ ከገቢ ላይ አንድ አሥረኛው ነው። በኩራት አለ፤ የመጀመሪያው ፍሬ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ። መባ አለ፤ ከግዕዙ «አብአ» የመጣ ቃል ነው፣ «አስገባ» እንደ ማለት። ስእለትም ምጽዋትም አለ። በመሥዋዕትነት መስጠት ስንል ታዲያ ስለ ስጦታው ዓይነት አናወራም። የምናወራው ሰጪውን ምን እንዳስከፈለው ነው። ሰውየው ከሰጠ በኋላ የሆነ ነገር ይጎድልበታል። ልብስ ሳይገዛ ይከርማል፣ ያሰበውን ነገር ያራዝማል፣ የእረፍት ቀኑን ያጣል። ምንም ካልጎደለበት ስጦታው ጥሩ ነው፤ መሥዋዕት ለማለት ግን ያስቸግራል።

ሥሩ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን የሚቃጠል መሥዋዕት ከቆዳው በቀር በሙሉ እሳት ላይ ያልቃል። ካህኑም አቅራቢውም ከሥጋው አይቀምሱም። እንስሳው ደግሞ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። በኋላ ዘመን ሰዎች ዕውሩንና አንካሳውን ማምጣት ጀመሩ። ነቢዩ ሚልክያስ በዚህ በጣም ተቆጣ። እስቲ ይህንኑ ለገዢህ አቅርብለት፣ ደስ ይለው ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ዛሬም ያፋጥጣል። የማንለብሰውን ልብስ፣ ከደከመን በኋላ የቀረችውን ሰዓት ይዘን የምንመጣበት ቀን ብዙ ነውና።

ዳዊትም አለ። መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኦርና አውድማ ሲወጣ ኦርና ሁሉን ነገር በነጻ ሊሰጠው ፈለገ። አውድማውን፣ በሬዎቹን፣ ለማገዶ የሚሆነውን የመውቂያ ዕቃ ሳይቀር። ዳዊት እምቢ አለ። ምንም ያላወጣሁበትን ነገር ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው (2ኛ ሳሙኤል 24)።

በአዲስ ኪዳን ሁሉም ሰው የሚያውቃት መበለቲቱን ነው። ኢየሱስ በቤተ መቅደሱ ሙዳየ ምጽዋት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰው ሲሰጥ ያያል። የአይሁድ ትውፊት እንደሚለው በዚያ እንደ መለከት የተቀረጹ 13 ሣጥኖች ነበሩ። ባለጠጎች ብዙ ይጥላሉ። እሷ መጥታ ሁለት ሌፕቶን ጣለች። ሌፕቶን በጊዜው ከነበሩት ሳንቲሞች ትንሿ የመዳብ ሳንቲም ነች። ሁለቱ ተደምረው የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከ64 አንድ እጅ ያህል ቢሆኑ ነው። ቀኑን 12 ሰዓት ብንለው፣ የ11 ደቂቃ ሥራ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሳንቲሞቹ ሁለት ነበሩ። አንዱን ጥላ አንዱን ይዛ መመለስ ትችል ነበር። ያኔም ቢሆን ካላት ግማሹን ሰጠች ማለት ነው። ዘኬዎስ እንኳ ለድኾች እሰጣለሁ ያለው ከሀብቱ ግማሹን ነው፤ ኢየሱስም መዳን ወደ ቤቱ መግባቱን ተናግሮለታል። እሷ ግን ሁለቱንም ጣለች። ኢየሱስ ከሁሉም የበለጠ ሰጠች ያለው እጇ ላይ የቀረውን አይቶ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በማርቆስ ወንጌል ከዚህ ታሪክ አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ ኢየሱስ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጸሐፍትን ይወቅሳል። ስለዚህ አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ተንታኞች ታሪኩን ከምስጋና ይልቅ እንደ ሐዘን ያነቡታል። እኔ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ ባይ ነኝ። የሴትየዋ ልብ ይመሰገናል፤ ባዶ እጇን የሸኛት ሥርዓት ደግሞ ይጠየቃል። ይህችን መበለት እየጠቀሰ ድኻን የሚያራቁት ሰባኪ ያቺን አንድ ቁጥርም ማንበብ አለበት።

ጳውሎስ ደግሞ የመቄዶንያ ሰዎችን ያነሳል። በኢየሩሳሌም ላሉት ችግረኛ ምእመናን እርዳታ ያሰባስብ ነበር። መቄዶንያዎች ራሳቸው በከባድ ድህነት ላይ ነበሩና ማንም ምንም አልጠበቀባቸውም። እነሱ ግን በዚህ ነገር እንዳይቀሩ አጥብቀው ለመኑት። ጳውሎስን የገረመው ቅደም ተከተሉ ነው። አስቀድመው ራሳቸውን ለጌታ ሰጡ፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ መጣ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። በሙሉ ልብ መሰጠት የሚባለው ይኼ ነው። በሮሜ 12 ይህንኑ ሕያው መሥዋዕት ይለዋል። የታረደ መሥዋዕት አንዴ ያልቃል። ሕያው መሥዋዕት ግን በማግስቱ ከእንቅልፉ ይነሳል፤ እንደገና መስጠት አለበት። ከባዱም ነገር እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ክርስቲያኖች ይህን በሥርዓት ያዙት። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደጻፈው፣ በእሑድ ጉባኤ ላይ አቅም ያለውና የፈቀደ ይሰጣል። የተሰበሰበው በጉባኤው መሪ እጅ ይቀመጥና ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩና ለእንግዶች ይውላል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ በሰሜን አፍሪካ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን በየወሩ እንደሚዋጣ፣ ማንም ግን እንደማይገደድ ይነግረናል። ድኻን መቅበሪያም ከዚሁ ይወጣ ነበር። በ251 እ.ኤ.አ. የሮም ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትደግፍ እንደነበር ጳጳሷ ቆርኔሌዎስ በደብዳቤው ገልጿል። ያኔ ክርስትና ገና የሚሳደድ እምነት ነበር።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ብዙዎቹ ድኾች ነበሩ። የአቴናው ክርስቲያን ጸሐፊ አርስቲደስ እንደሚለው፣ የተቸገረ ሲያገኙና ትርፍ ሲያጡ ሁለት ሦስት ቀን ይጾሙና የእነሱን ምግብ ለእሱ ይሰጡ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ ምክር ደግሞ አሠራሩን ያሳያል። በምትጾምበት ቀን ትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንኑ ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ስጥ ይላል። ጾሙና ምጽዋቱ አንድ ሒሳብ ሆኑ። ሀብታም ባይሆኑም ከራሳቸው ሆድ ቀንሰው ሰጪ ሆኑ።

ቤተ ክርስቲያን ሀብት ካፈራች በኋላም ጥያቄው አልቀረም። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ምርኮኞችን ለማስለቀቅ የቅዳሴ ዕቃዎችን አስቀልጦ ሸጠ። ተቃዋሚዎቹ ከሰሱት። የእሱ መልስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ለተቸገረ እንድታወጣው እንጂ እንድታከማቸው አይደለም የሚል ነበር።

ምን ያህል ይሰጥ የሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ አይደሉም። አሥራት ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፤ መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም የሚሉም አሉ። ቅዱስ እንጦንስ በ270 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለህን ሸጠህ ለድኾች ስጥ የሚለውን ወንጌል ሲሰማ የወረሰውን ሰፊ ለም መሬት ሰጥቶ ወጣ። ሁሉም ሰው ግን ወደ በረሃ አይወጣም። ሜቶዲስቶችን የመሠረተው ጆን ዌስሊ በስብከቱ ላይ በኦክስፎርድ ስለነበረ አንድ ወጣት ይናገራል። ወጣቱ በመጀመሪያው ዓመት 30 ፓውንድ አገኘ፤ በ28ቱ ኖረ፤ 2 ሰጠ። በዓመቱ 60 ሲያገኝም በ28 ኖረ። 90፣ ከዚያም 120 ሲደርስ ኑሮው ያው 28 ነበር። ወጣቱ ራሱ ዌስሊ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። ገቢያችን ሲጨምር መጀመሪያ የምናሳድገው ምኑን ነው?

መሰጠት በገንዘብ ብቻ አይለካም። በ1732 እ.ኤ.አ. የሞራቪያ ወንድሞች የተባሉት ፕሮቴስታንቶች የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሲልኩ አንዱ ሸክላ ሠሪ፣ ሌላው አናጢ ነበር። ባርነት ውስጥ ላሉ ሰዎች ለመስበክ ራሳቸውን ለባርነት ሸጡ እየተባለ ይወራል። አልሸጡም። አስፈላጊ ከሆነ ግን ለዚያም ዝግጁ ነበሩ፤ ሲደርሱም ሠርተው ራሳቸውን ቻሉ። እውነተኛው ታሪክ በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ይህ መሰጠት ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ጉባኤው ተበትኖ ሰው በር ላይ ሲጨዋወት አንድ ሰው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይደራርባል። ሌላዋ በየሳምንቱ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ጋ ሄዳ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ማይክ አይሰጣቸውም፣ ስማቸው አይጠራም። ጉባኤዋ ቀጥ ብላ የቆመችው ግን በእነሱ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ነገር በቀላሉ ይበላሻል። ኢየሱስ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብለው አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚያመልጡትን ወቅሷል። የወላጅን ድርሻ ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ማለት አይሆንም። መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ያስቀረውና ሁሉን እንዳመጣ ያስመሰለው ሐናንያም ስጥ ተብሎ አልተገደደም። ጴጥሮስ መሬቱ ሳይሸጥም ሆነ ከተሸጠ በኋላ በእጅህ ነበር ብሎታል፤ ጥፋቱ ውሸቱ ነው። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያ ደግሞ በመንፈስ ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ የሚለውን አትስሙት ይላል። ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት። ጳውሎስም የሰበሰበውን ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ የታመኑ ሰዎች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል። ሒሳቡን የማያሳይ መሪ ይህንን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ኦሪት ዘጸአት 36 ላይ ያለውን ልጨምር። ሕዝቡ ለማደሪያው ድንኳን ሥራ በየማለዳው ስጦታ ያመጣል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ወደ ሙሴ መጡ። ሕዝቡ ለሥራው ከሚበቃው በላይ እያመጣ ነው አሉት። ሙሴም ወንድም ሴትም ከእንግዲህ ምንም እንዳያመጣ በሰፈሩ ሁሉ አሳወጀ፤ ሕዝቡም ማምጣቱን አቆመ።