«ውጭ አባብለሽው ግቢ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሳችሁ ልል ነበር፤ ግን ዘገየሁ። ዛሬ ጥር 4 ነው። ዶሮው አልቋል። ድፎ ዳቦውም ደርቆ ለልጆች ቁርስ ሻይ ውስጥ እየተነከረ ነው። የዘንድሮ የገና ሌሊት ያየሁት ነገር ከሆዴ አልወጣ ቢለኝ ነው የምጽፈው። ቆጣ ካልኩ ይቅር በሉኝ። ከምቆጣቸው ሰዎች አንዷ ራሴ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያኑን አልጠራም። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ቅዳሴ ገብቷል። ብርዱን ለጎጃም ሰው አልነግረውም፤ በታኅሣሥ ሌሊት ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ላይ ጋቢ ቢደርቡም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ትንሹን አዝዬዋለሁ፤ ትልቋ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ከፊታችን አንዲት ወጣት እናት አለች። ልጇ ክርስትና ከተነሣ ወር የሞላው አይመስልም። ነቃና ማልቀስ ጀመረ። ከጀርባዋ አወረደችው፣ ጡት ሰጠችው፣ ወዘወዘችው። እምቢ አለ። ያኔ አንድ እኔም የማከብራቸው አባት ከወንዶቹ በኩል ዞር አሉና መቋሚያቸውን ወደ በሩ እያመለከቱ «አንቺ ልጅ፣ ውጭ አባብለሽው ግቢ! ሰው ያስቀድስበት እንጂ» አሏት።

ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋት። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ነጠላዋን ልጁ ላይ ደርባዋለች፤ ራሷ በስስ ሹራብ ቀርታለች። ትንፋሿ እንደ ጭስ ይታያል። ማንም አልተነሣም። እኔ ጋቢ ለብሼ ነበር፤ እኔም አልተነሣሁም። ልጄ ቀሚሴን ጎተት አደረገችና በሹክሹክታ «እማ፣ ቦታው ሞልቶ ነው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ቅዳሴ ነው» አልኳት።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ። ጾመ ነቢያትን ሙሉ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ ሉቃስ 2 ቁጥር 7ን በቃላቸው ሳስጠናቸው ነበር የከረምኩት፤ «በመጠቅለያም ጠቀለለችው፤ በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው»። ግርግም ምን እንደሆነ የማያውቁ የከተማ ልጆች ስለሆኑ ከብት ድርቆሽ የሚበላበት ነው፣ አያቶቻችሁ ቤት ስትሄዱ ጋጣው ውስጥ ታዩታላችሁ እያልኩ አስረድቻለሁ። ላምና አህያ በትንፋሻቸው እንዳሟሟቁትም ተርኬላቸዋለሁ። እንግዲህ ያቺ ልጅ ትምህርቱን ይዛ መጥታ፣ በልደቱ ሌሊት፣ በቤቱ ውስጥ ሕፃን ሲወጣ አየች። ምን ልትጠይቅ ኖሯል? ከብቶቹ ትንፋሻቸውን ሰጡ፤ እኛ በሩን አሳየን።

ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ፣ ከተማችንም ደብረ ማርቆስ ነው። እስኪ የማርቆስን ወንጌል ክፈቱ። ምዕራፍ 10 ቁጥር 13። «እንዲዳስሳቸውም ሕፃናትን ወደ እርሱ አመጡ፤ ደቀ መዛሙርቱም ያመጡአቸውን ገሠጹአቸው።» ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ያመጡአቸውን» የሚለውን ግን ዘንድሮ ነው ያየሁት። ተግሣጹ የወረደው አቅፈው በመጡት ላይ ነው። ሩቅ መንገድ ተሸክማ፣ ላቧን ጠርጋ፣ «ብቻ እጁን ይጫንልኝ» ብላ የመጣች እናት ፊት ላይ ነው።

ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጌታ እንዳይረበሽ፣ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ያሰቡ መስሎኛል። ለክብሩ ቀንተው ነው። መቋሚያቸውን ያነሡት አባትም እንደዚያው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ማኅሌት የቆሙ ሰው ቅዳሴው እንዳይታወክ ቢቆጡ ክፋት አለባቸው አልልም። ቀጥሎ ያለውን ግን ስሙ። «ኢየሱስ ግን አይቶ ተቈጣና...» ተቈጣ! ወንጌል ጌታን ተቆጣ ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ብዙ አይደለም። እዚህ ላይ ጻፈው። የተቆጣውም በቀራጭ ወይም በጋለሞታ አይደለም፤ ለእርሱ ክብር በር በሚጠብቁት በራሱ ሰዎች ነው። «ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ አትከልክሉአቸው፤ የእግዚአብሔር መንግሥት እንደነዚህ ላሉት ናትና።» ከዚያ አቀፋቸው፤ እጁን ጭኖ ባረካቸው። እስኪባረኩ ድረስ ሁሉም ጸጥ ብለው ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ? ልጅ ያሳደገ ሰው ይፍረድ።

«ቤተ መቅደስ ግን የጸጥታ ቦታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ማቴዎስ 21ን ያንብብልኝ። ጌታ ሻጭና ለዋጩን ከመቅደስ አስወጣ። እዚያው ሕፃናት «ሆሣዕና» እያሉ ይጮኹ ነበር። እነሱን አላስወጣም። በጩኸታቸው የተቆጡት የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው።

የእኛዋ ቤተ ክርስቲያንማ ለሕፃን ያላትን ቦታ ማን ይስታል? ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን አጥምቃ ያኔውኑ ሥጋውን ደሙን ታቀብላለች። ከልደት በአራተኛው ቀን፣ ትናንት ጥር 3 ማለት ነው፣ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት በሰማዕትነት አሰበች። ጥር 15 ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስን ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ታከብራለች። የሦስት ዓመት ልጅ ነው። በስሙ ታቦት ቀርጸን እንሳለማለን፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ከጎናችን ቆሞ «ውሃ ጠማኝ» ሲል ግን ዓይናችን ይፈጣል። ለመቁረብ ያልከለከልነውን ልጅ ለማልቀስ ከለከልነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በነጋታው ቤታችን ሙሉ ነበር። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ትልቋ ጠዋት ዶሮ ወጡ ሲቀርብ እጇን ሰብስባ «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?» አለች። ዘንድሮ 7 ዓመት ሞልቷት ጾም ጀምራለች፤ ጀማሪ ደግሞ ጥብቅ ነው። ልደትና ጥምቀት ረቡዕም ዓርብም ቢውሉ ይበላል፣ ለዚህ ነው ትናንት ገሃዱን የጾምነው ብዬ ነገርኳት። «ስለተወለደ ነው አይደል?» ብላ እንቁላሉን አነሣች። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደግኩ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ኩራቱ አንድ ሰዓት አልቆየም።

ትንሹ እንግዳ መሀል ሲሯሯጥ ሳህን ገለበጠ። ወጡ አንድ የተከበሩ እንግዳ ነጭ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። እኔ እንግዳው ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ውጣ ከዚህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ አላለቀሰም። አዲሱን ጥልፍ ቀሚሱን እንደለበሰ ሄዶ በሩ ኋላ ቆመ። እግሩ ብቻ ይታያል፤ ያውም ጫማው በግራና በቀኝ ተለዋውጧል።

አባቴ ከገጠር መጥተው ነበር። ከቢቸና በኩል ነን። ለልጆቹ ጫፏ ቆልመም ያለች የገና ዱላ ቆርጠው፣ የእንጨት ሩርም ጠርበው ይዘውላቸው መጥተዋል። ጠላቸውን አስቀምጠው አዩኝና ቀስ ብለው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። አንቺ ከጌታ በለጥሽ?» አሉኝ።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድሮ በገና ቀን ሜዳ ላይ ባላባቱም እረኛውም እኩል ዱላ ይዞ ይገባል፤ ሩሯን ሲያሳድድ እረኛው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው አይቆጣም። የዕለቱ ሕግ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ አባቴ እያነከሱ ሲገቡና እየሳቁ ቅልጥማቸውን ቅቤ ሲያሹ። እረኞቹ የልደቱን ዜና ሰምተው በደስታ ዱላቸውን ይዘው የተጫወቱት ነው እያሉ አባቶቻችን ይተርኩልናል። እንግዲህ ጌቶች እንኳ በማይቆጡበት ቀን፣ የሰማይና የምድር ጌታ ራሱ ሕፃን በሆነበት ቀን፣ እኔ ለአንድ ጋቢ ስል ልጄን አስወጣሁ። በሌሊት የታዘብኳቸው አባት በመቋሚያ ያደረጉትን እኔ በአፌ አደረግኩት። ያውም ቀኑ ሳይመሽ። እንግዳው ጋቢውን «ይታጠባል» ብለው ትተውት ነበር እኮ!

ስለ ፕላስቲኩ ዛፍና ስለ ቀይ ለባሹ የገና አባት ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ ብዙ የምጨምረው የለኝም። ጥጥ በረዶ እያደረግን ቅርንጫፍ ላይ መለጠፋችን ያስቀኛል፤ ያን ያህል ግን አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ልጆቻችን በዓሉን ከአልባሳት፣ ከፎቶና ከጩኸት ጋር ብቻ አያይዘው ማደጋቸው ነው። «ቁም! ሳቅ! ልብስህን እንዳታቆሽሽ!» አዲስ ልብስ አልብሰን እንዳይቀመጡ እንከለክላለን። በግ ለመግዛት ተበድረን፣ ብድሩ ሲያበሳጨን ብስጭቱን እነሱ ላይ እናራግፋለን። አባወራው አረቄው ላይ አምሽቶ ሲመጣ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁታል። የተኙ እንዲመስሉ። ይህንን የማውቀው ሕፃናት ክፍል ስለሚነግሩኝ ነው። «ገና እንዴት ነበር?» ስላቸው አንዱ «ዘንድሮ አልተጣሉም» አለኝ። ለእሱ በዓል ማለት ይህ ነበር።

ለእናቶች ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ፤ ለእናንተ ቁጣ የለኝም። «ልጅ ከወለድኩ ጀምሮ ቅዳሴ በቅጡ ሰምቼ አላውቅም» የምትሉኝ አላችሁ። ወንጌል ሲነበብ ሽንቱን ሸና፣ እግዚኦታ ላይ አለቀሰ፣ ስመለስ ቅዳሴው አልቋል፤ እንዲህ ከሆነ ለምን እመጣለሁ ትላላችሁ። እኅቴ፣ የመጀመሪያውን የልደት ሌሊት እስኪ አስቢው። ሉቃስ እንደጻፈው መላእክቱ «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም ይሁን» ብለው ያመሰገኑት ሜዳ ላይ፣ በእረኞቹ ዘንድ ነው። እመቤታችን ያኔ ምን ትሠራ ነበር? ልጇን ትጠቀልል ነበር። ጨርቅ ታስተካክል ነበር። የዝማሬውን ነገር እረኞቹ መጥተው ነው የነገሯት፤ እሷም ይህን ሁሉ በልቧ እያሰበች ትጠብቀው ነበር ይላል። ጡት እየጠባ በየጥቂቱ አደገ ብለን የምናምነው ጌታ ያቺን ሌሊት ያሳለፈው እንዳንቺ ባለች እናት እቅፍ ነው። አንቺ ደጅ ቆመሽ ልጅሽን ስትጠቀልዪ ከቅዳሴው የጎደልሽ አይምሰልሽ።

ልጅ ይሩጥ፣ መቅደስ ደጃፍ ላይ ብስኩት ይዝራ አላልኩም። ማስለመድ አለ። እኔ ትልቋን በማኅሌቱ ሰዓት ከበሮውን እያሳየሁ፣ ጧፍ እያስያዝኩ፣ «አሁን አባ ምን አሉ?» እያልኩ ነው ያስለመድኳት። ጊዜ ወስዷል። ጌታም ራሱ 12 ዓመት ሲሆነው በመቅደስ በሊቃውንት መካከል የተቀመጠው ወላጆቹ በየዓመቱ ወደ በዓሉ ይወጡ ስለነበር ነው። ያልወሰድነው ልጅ በ12 ዓመቱ የት ይቀመጣል?

ያቺን እናት አሁንም አስባታለሁ። ብቻዋን ነበረች። ዘንድሮ በጎጃም ስንት ቤት አባት የሌለበት ገና እንደዋለ እናውቃለን። ለምን ብቻዋን እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ዞር ብዬ ሳይ ግድግዳው ሥር አልነበረችም። ሳትቆርብ፣ ሳታቆርበው ሄዳለች። በማግስቱ ትልቋን ይዤ ዳቦ በፌስታል ቋጥሬ ሰፈሩን ጠየቅኩ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። አግኝታችሁ ከሆነና ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ሕፃኑ ጠይም ነው፣ አረንጓዴ የሱፍ ቆብ ነበረው፤ ይቅርታ ብላለች በሉልኝ።

ጥምቀት ሳምንት ቀርቶታል። ጥር 10 ታቦታቱ ወንዝ ወርደው ያድራሉ፤ ሌሊቱም ከገናው አይተናነስም። ከአስተናባሪዎቹ ጋር ተነጋግረናል፤ ጨቅላ የያዙ እናቶች ከነፋሱ ከለል ብለው የሚቀመጡበት፣ ማኅሌቱ ግን የሚሰማበት ቦታ ከድንኳኑ ጎን እንለያለን። መቋሚያ የያዙት አባትም ሰምተው «መልካም» ብለዋል፤ ከቤታቸው አንድ አጎዛ ልከዋል። ሰሌን ሁለት አለን። ጋቢ ያንሰናል። ትርፍ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ አድርሱልን፤ አሮጌም ቢሆን ይታጠብ እንጂ ግድ የለም።