ጸጉሯን ያላበጠረችው አምባሳደር፦ ድራማ ስለ ሴት ዲፕሎማቶች ያስለመደን ስህተት

በቅርቡ ከእኛ ጋር ሥራ የጀመረች ልጅ ወደ መጀመሪያ የእራት ግብዣዋ ስትመጣ በር ላይ አገኘኋት። ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ሰክታዋለች፤ ሸሚዟ ካውያ የነካው አይመስልም። «ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ቆይቼ ነው። ደግሞስ እትዬ፣ ቁም ነገር የያዘ ሰው ስለ ጸጉሩ ይጨነቃል?»

ከየት እንዳመጣችው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፕሮቶኮል ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ነገር ከአዳዲስ ሠራተኞች፣ ከዘመድ፣ ከጎረቤት ስሰማ ኖሬያለሁ። ምንጩ ማታ ማታ የሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው። ሰልችቶኛል፤ አንድ በአንድ ልመልስ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሴት ዲፕሎማት የትናንት ነገር ናት፤ ምን እንደምትለብስ ገና አልታወቀም።»

አሌክሳንድራ ኮሎንታይ በ1920ዎቹ ሶቪየት ኅብረትን ወክላ ኖርዌይ ተቀምጣለች። ቢያንስ መቶ ዓመት የሆነው ነገር ነው።

«ዓለም አቀፍ የአለባበስ ሕግ አለ።»

የለም። ስለ ዲፕሎማቲክ ግንኙነት የተፈረመው የ1961ዱ የቪየና ስምምነት 53 አንቀጾች አሉት። ስለ ዲፕሎማቲክ ሻንጣ ይናገራል፣ ስለ ቀሚስ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። ልብሱን የሚወስነው የአስተናጋጁ ልማድና የግብዣ ወረቀቱ ነው።

«ድሮ የዲፕሎማት ሚስቶች በባል ክንድ ላይ የተንጠለጠሉ ጌጦች ነበሩ።»

ጌጥስ ያርፋል። እነሱ ደመወዝ የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ። በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት እስከ 1972 ድረስ ሚስት እንግዳ የምታስተናግድበት መንገድ በባልየው የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ውስጥ ይጻፍ ነበር። ራሷ ዲፕሎማት የሆነች ሴት ደግሞ ካገባች ሥራዋን ትለቅ ነበር። ይህም የቀረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአለፈው ዘመን ድራማ የዕንቁ ሐብል አድርጎ የሚያሳየን ሁሉ ከጀርባው ይህ ነበረበት።

«የልብስ ጣጣ የሴቶች ነው፤ ወንዱ ከረባቱን አስሮ ይሄዳል።»

እስቲ ጄምስ ቡካናንን እንጠይቀው፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን። በ1853 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ማርሲ መልእክተኞቹ የተራ አሜሪካዊ ዜጋ ልብስ እንዲለብሱ የሚያሳስብ ደብዳቤ በተነ። ያኔ ለንደን የነበረው ቡካናን ተጨነቀ፤ የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት የሚፈልገው ወርቅ የተጠለፈበት ዩኒፎርም ነው። በ1854 የፓርላማ መክፈቻ ላይ በልብስ ምክንያት ሳይገኝ ቀረ። በመጨረሻ የተገኘው መላ፣ ከቤተ መንግሥቱ አሽከሮች ይለይ ዘንድ ተራ ጥቁር ልብስ ለብሶ በጎኑ ሰይፍ መታጠቅ ሆነ። በ1867 ጭራሽ ኮንግረሱ ዩኒፎርሙን በሕግ ከለከለው። በመስታወት ፊት ከሴት ይልቅ ብዙ ዘመን የፈጀው ወንዱ ነው፤ ድራማ ሠሪዎች ይህን ቢያውቁ ስንት አስቂኝ ትዕይንት ይወጣው ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ እርሳስ እንምጣ።

«እውነተኛዋ ዲፕሎማት በሥራ ስለተወጠረች ለመልኳ ደንታ የላትም።»

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። የድሮው ድራማ ሴቷን በቀይ ቀሚስና በታኮ ጫማ ያመጣትና ሰላይ ወይም አታላይ ያደርጋት ነበር። ያ ሲነቀፍ ተቃራኒውን አመጡልን። በ2023 በኔትፍሊክስ የጀመረው «ዘ ዲፕሎማት» ላይ ያለችውን ኬት ዋይለርን ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ካቡል እሄዳለሁ ብላ ስትዘጋጅ ለንደን አምባሳደር ሆና ትላካለች። ጥቁር ሱሪና ኮት ካልሆነ አትለብስም፣ ጸጉሯ ብን ብን ብሏል፣ ለፋሽን መጽሔት ፎቶ ተነሺ ሲሏት ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እውነት ለመናገር ድራማው ራሱ አይለቃትም፤ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ይነዘንዟታል። ተመልካቹ ግን ይዞት የሚወጣው ጸጉሩን ነው፤ «አየሽ፣ ጎበዝ ስለሆነች ነው እንደዚያ የምትሆነው» ይላል።

ድራማ እንዲህ የሚያደርገው ቢቸግረው ነው። አንዲት ሴት ሰነድ ስታነብ ማሳየት አሰልቺ ስለሆነ፣ የሥራዋን ብዛት በጸጉሯ ይነግረናል። በእውነተኛው ቤት ግን ከእኛ ጋር የምትውል ሴት ኮቷን የምታስተካክለው ስብሰባ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሰነዱን እንደምታስተካክለው ነው። ሥራ ነው። የሐዘን መዝገብ ልትፈርም ስትሄድ ያ ቤት ሰው ሞቶበታል። አበባና ቢራቢሮ ያለበት ሸሚዝ ለብሳ ብትገባ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ማለት አትችልም፤ እዚያ የቆመችው አገር ሆና ነው። ለዚህ ነው በየቢሮው በር ጀርባ አንድ ጥቁር ኮት የሚሰቀለው። በእኛ ቢሮም አለ። ኪሱ ውስጥ መሐረብና የሚጽፍ እስክሪብቶ ይቀመጣል፤ መዝገቡ አጠገብ ያለው እስክሪብቶ ሁልጊዜ ቀለሙ ያለቀ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ባልደረባዬ የስምምነት ጽሑፍ ስታስተካክል አደረች። ሁለቱ ወገኖች አንድ ነጠላ ሰረዝ ላይ እስከ ንጋት ተከራከሩ። ጠዋት ለፊርማው ሥነ ሥርዓት በዚያው በተጨማደደ ኮት ገባች። ከወዲያኛው ወገን የመጣ አንድ ሹም ቀና ብሎ ሳያያት «ቡና፣ ያለ ስኳር» አላት። ስምምነቱን መስመር በመስመር የጻፈችው እሷ ናት! አብሯት ያደረው ወንድ ባልደረባችን ደግሞ ከረባቱ ጆሮው ሥር ደርሶ፣ ጺሙ በቅሎ ነበር፤ እሱን «አይዞህ፣ ሌሊቱን ስትለፋ አድረሃል» እያሉ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉለት።

መዝረክረክ እንደ ጉብዝና የሚቆጠረው አስቀድሞ ማን እንደሆነ ለሚታወቅ ሰው ነው። የድራማዋ ዋና ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ካሜራው ያውቃታል። የሃያ ስድስት ዓመቷን ሁለተኛ ጸሐፊ (ዝቅ ያለ የዲፕሎማት ማዕረግ ነው) የሚያውቃት የለም፤ በር ላይ ያስቆሟታል። ይህ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ያንን ቡና ያዘዘ ሰውዬ ዛሬም ባስበው ደሜ ይፈላል። ግን ጀማሪዋን «ጸጉርሽን ተይው፣ ሥራሽ ይናገራል» ብሎ የሚመክራት ድራማ ቡናውን አብሯት አይቀዳም።

«ሴቶቹ ሱሪና ኮት የሚለብሱት ወንድ ለመምሰል ነው።»

ኮሌታ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ሴት ላይ ማይክ ሰክታችሁ ታውቃላችሁ? የማይኩ ጫፍ ኮሌታ ይፈልጋል፤ ማሠራጫው ሳጥን ቀበቶ ወይም ኪስ ይፈልጋል። የአስተርጓሚ ማዳመጫም፣ አድራሻ ካርድም እንዲሁ። ኮት ኪስ አለው። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፍልስፍና ፈልጋችሁበት ከሆነ ይቅርታ።

«ይፋዊ ልብስ ማለት የአውሮፓ ሱፍ ነው።»

ለንደን ላይ አዲስ አምባሳደር የሹመት ደብዳቤውን ሊያቀርብ በፈረስ ሠረገላ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ብሔራዊ ልብሱን ቢለብስ ከይፋዊው የአውሮፓ ልብስ እኩል ይቆጠርለታል። ድራማዎቹ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ያላቸው ይመስላሉ።

«የማድሊን ኦልብራይት ጌጥ የሴት ጌጥ ወዳድነት ነው።»

ኦልብራይት በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ሳለች የኢራቅ ጋዜጣ እባብ ብሎ ሰደባት። ከዚያ በኋላ ስለ ኢራቅ ልትነጋገር ስትሄድ ደረቷ ላይ የወርቅ እባብ ሰካች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የሩሲያ ማዳመጫ ሲገኝ፣ ሩሲያዎቹን ያገኘቻቸው ትልቅ የተባይ ጌጥ ሰክታ ነው። እንግሊዝኛው ተባይንም ድብቅ ማዳመጫንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ነገሩ ገብቷቸዋል። ግድ የሌላት ሴት ይህን ታደርጋለች?

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። በ2005 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችው ኮንዶሊዛ ራይስ ጀርመን ቪስባደን ላይ በረጅም ጥቁር ካፖርትና ቡትስ ወታደሮች ፊት ስትቆም፣ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከንግግሯ ይልቅ ቡትሷን ተነተነ። ያ የጋዜጣው ጥፋት ነው። በ2021 አንካራ ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንቷ ኡርሱላ ፎን ደር ላየን፣ ያኔ የአውሮፓ ካውንስል ፕሬዚዳንት ከነበረው ከቻርልስ ሚሼል ጋር የቱርክን ፕሬዚዳንት ልታነጋግር ገብታ ወንበር ያጣች ጊዜ ልብሷ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ወንበሩ ነው። እኔ ብሆን ድራማ የምሠራው በዚያ ወንበር ላይ ነበር።

«የግብዣ ወረቀቱ የሚለውን ማንበብ በቂ ነው።»

ልጆቼ፣ በጥንቃቄ አንብቡ። በቀድሞው የፕሮቶኮል ቋንቋ «ኢንፎርማል» ማለት ሙሉ ሱፍ ነው። ጂንስ ለብሶ መጥቶ ከበሩ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ። «ብላክ ታይ» (ጥቁር የቢራቢሮ ከረባት ያለው የምሽት ልብስ) ደግሞ የሚናገረው ስለ ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷ አስልታ ትድረስበት። ስለዚህ ደውሉ። ማንም የፕሮቶኮል ሠራተኛ ከቀትር በኋላ «እናንተ ዘንድ ምን ልትለብሱ ነው?» የሚል ስልክ ሲመጣ አይገረምም፤ እኛም እንደዚያው እንደዋወላለን።

ብርጭቆ በግራ እጅ ያዙ፤ ለሰላምታ የምትዘረጉት ቀኝ እጅ እንዳይቀዘቅዝና እንዳይረጥብ። ተሰልፎ እንግዳ መቀበል ካለ የቀኝ እጅ ቀለበት አውልቁ፤ ከመቶ መጨባበጥ በኋላ ጣታችሁ ያብጣል። ቦርሳ በትከሻ የሚንጠለጠል ይሁን። የስም መለያ በቀኝ በኩል ይሰካል፤ የሚጨብጣችሁ ሰው ዓይን ወደዚያ ስለሚሄድ። ታኮ ጫማ መኪና ውስጥ ይቀየራል፤ በእብነ በረድ ላይ በታኮ የምትሮጥ አምባሳደር ያየሁት ስክሪን ላይ ብቻ ነው።

ያን ምሽት ልጅቷን ወደ ቢሮ መለስኳት፤ እርሳሱን አወጣችው፤ ከበር ጀርባ ያለውን ጥቁር ኮት አለበስኳት። እጅጌው ረዝሞባት ወደ ውስጥ አጠፍነው። ካለቀ በኋላ ስለ ዓሣ ማስገር ውል ሲያወራ ከቆየ ሰው ጋር ጥግ ይዛ ቆማ አገኘኋት፤ ካርዱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትታዋለች።

ካርዱም ኮቱም እስካሁን እሷ ዘንድ ናቸው። በር ጀርባ የሚሰቀል ሌላ ኮት እየፈለግሁ ነው።