ስማችሁ ካርዱ ላይ ስላለ ዕዳው የእናንተ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጎረቤቴ ወንድሟ ካረፈ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ደብዳቤ ይዛ ቤቴ መጣች። በዲቪ አሜሪካ እንደገባች ክሬዲት (የብድር ታሪክ) እንድትገነባ ብሎ ወንድሟ ክሬዲት ካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ፣ ባንኮቹ እንደሚሉት ኦቶራይዝድ ዩዘር፣ አድርጎ አስመዝግቧት ነበር። ዕዳ ሰብሳቢው ደውሎ «ስምሽ ካርዱ ላይ አለ» አላት። ይህን ሰምታ በየወሩ 150 ዶላር ስትከፍል ቆይታለች። ዕዳው ግን የእሷ አልነበረም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል፤ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ስሜ ካለበት ዋስ ነኝ»

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ሰውየው ቢጠፋ ከኪሱ እንደሚከፍል አውቆ ነው የሚፈርመው። በዚህ ስላደግን ስማችን የገባበት ነገር ሁሉ ዋስትና ይመስለናል። ኦቶራይዝድ ዩዘር ግን የመግዛት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው እንጂ ዋስ አይደለም። ገቢውን ያስመዘገበው፣ ከባንኩ ጋር ውል የገባው፣ «እከፍላለሁ» ያለው ዋናው ባለካርድ ነው። ዕቃውን የገዛው ተጨማሪው ተጠቃሚ ቢሆን እንኳ ባንኩ የሚይዘው ውል የገባውን ነው።

ጆይንት አካውንት (የጋራ ሒሳብ) የከፈተ ወይም ኮሳይን ያደረገ፣ ማለትም አብሮ የፈረመ፣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ፈርሟልና ሙሉውን ዕዳ ይጠየቃል። የቱ እንደሆናችሁ ከተጠራጠራችሁ የፈረማችሁበትን ማመልከቻ አሳዩን በሉ። ካርዱ ላይ የታተመው ስም ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

«ባለካርዱ ከሞተ ቤተሰቡ ይከፍላል»

የሟች ዕዳ የሚከፈለው ሟቹ ከተወው ሀብት ነው። ሀብቱ ካልበቃ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል። ዕዳ ሰብሳቢ ለትዳር ጓደኛ ወይም ንብረቱን ለሚያጣራው ሰው መደወል ይችላል፤ ዕዳ የሌለበትን ሰው «ዕዳ አለብህ» ብሎ ማሳሳትን ግን በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ይከለክላል። የጽሑፍ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። ቀኑ ቢያልፍም ከመጻፍ የሚከለክላችሁ የለም፤ ከእንግዲህ አታግኙኝ ብሎ መጻፍም መብታችሁ ነው።

ከጎረቤቴ ጋር ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የጻፍነው ሁለት መስመር ነበር፦ «ተጨማሪ ተጠቃሚ እንጂ ባለዕዳ አይደለሁም። የፈረምኩበት ውል ካለ ላኩልኝ።» በአደራ ፖስታ ላክነው። ውል አልመጣም፤ ስልኩም ቆመ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባለካርዱ ካረፈ በኋላ ካርዱን ለቀብር ወጪ እንኳ አትንኩት። ፈቃዱ ከሰጪው ጋር አብሮ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ መጠቀም እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል።

«ለባልና ሚስትም በሁሉም ስቴት ያው ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን ይሳሳታሉ። በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያ፣ በአይዳሆ፣ በሉዊዚያና፣ በኔቫዳ፣ በኒው ሜክሲኮ፣ በቴክሳስ፣ በዋሽንግተን ስቴትና በዊስኮንሲን በትዳር ውስጥ የተገባ ዕዳ፣ ስማችሁ ካርዱ ላይ ኖረም አልኖረ፣ የሁለታችሁ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ሲያትል፣ ላስ ቬጋስ፣ ዳላስና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ አትከራከሩ። ጠበቃ ጠይቁ።

«ዕዳው የእኔ ካልሆነ የክሬዲት ስኮሬን (ነጥቤን) አይነካም»

ይነካል። ወንድማችሁ በጊዜ ሲከፍል ስኮራችሁ እንደሚያድግ ሁሉ፣ ካርዱን ጫፍ ድረስ ሲሞላው ወይም ክፍያ ሲያሳልፍ ሊወርድ ይችላል። የክሬዲት ሪፖርታችሁን ከሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በነፃ አውጥታችሁ እዩት። ነገሩ ካላማራችሁ ባንኩን ስሜን አውጡልኝ በሉ፤ ከሪፖርቱ ሳይጠፋ ከቀረ ለሦስቱም አቤት በሉ።

«የገዛው እሱ ነው፣ እሱ ይክፈል»

ይህ ደግሞ የዋናው ባለካርድ ስህተት ነው። የአክስታችሁን ልጅ አስመዘገባችሁት፣ እሱ የ1,800 ዶላር ትኬት ቆረጠ እንበል። ባንኩ ጋ ደውላችሁ «አላዘዝኩም» ማለት አያዋጣም። የአሜሪካ ሕግ የባለካርዱን ኪሳራ በ50 ዶላር የሚወስነው ካርዱ ያለ ፈቃድ ሲሠራበት ነው፤ እናንተ ግን ፈቅዳችኋል። ልጁን በሽማግሌ ልትይዙት ትችላላችሁ፣ ባንኩ ግን የሚያውቀው እናንተን ነው። ካርዱን ከእጁ መቀበልም አይበቃም፤ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ተመዝግቦ ይሆናል። ለባንኩ ደውላችሁ ስሙን አስወጡ፣ የካርዱንም ቁጥር አስቀይሩ። አንዳንድ ባንኮች ለተጨማሪው ተጠቃሚ የወጪ ጣሪያ እንድታስቀምጡ ስለሚፈቅዱ፣ ስሙን ከማስገባታችሁ በፊት ይህንንም ጠይቁ።