«ቤቱ የራሴ ነው፤ ኪራይ የለብኝም» እና ሌሎች የተሳሳቱ ስሌቶች

«ሱቁ የራሴ ቤት ነው፤ ኪራይ አልከፍልም፤ ስለዚህ ያዋጣኛል።» ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሱቋ ብትከራይ በወር 20 ሺህ ብር ታወጣለች እንበል። ባለቤቷ ሸቀጥ ሸጦ፣ መብራትና ግብር ከፍሎ 25 ሺህ ይቀረዋል። ሲታይ አሪፍ ነው። ግን ሰውየው ሱቋን አከራይቶ ሌላ ቦታ በ10 ሺህ ቢቀጠር 30 ሺህ ያገኝ ነበር። በየወሩ 5 ሺህ እየከሰረ ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን አይታይም። ይህ የቀረበት 30 ሺህ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ የአማራጭ ዋጋ ይባላል። አለቃ የሌለው መሆኑን ከ5 ሺህ ብር በላይ የሚወደው ከሆነ ግን ምርጫው ልክ ነው። ኢኮኖሚክስ ብር ብቻ ነው የሚቆጥረው ያለው ማን ነው?

የአማራጭ ዋጋን የቀሩት ዕድሎች ሁሉ ድምር አድርገው የሚያሰሉም አሉ። አይደለም። ሱቋን በአንዴ ለፀጉር ቤትም ለፋርማሲም ማከራየት አይቻልም። የሚቆጠረው ከቀሩት ውስጥ ምርጡ ብቻ ነው።

«ሁሉን ነገር ከሌላው አሳምሮ የሚሠራ አገር ንግድ ምን ያደርግለታል?» ይህኛው አዋቂዎችንም ያሳስታል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 በአራት ቁጥሮች መልሶታል። በምሳሌው ፖርቱጋል የተወሰነ ወይን ጠጅ ለመጥመቅ የ80 ሰው የዓመት ጉልበት ይበቃታል፤ የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት ደግሞ የ90። እንግሊዝ ለዚያው ወይን 120፣ ለዚያው ጨርቅ 100 ሰው ትፈልጋለች። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም ጨርቁን ራሷ ብትሠራ 90 ሰው ይይዝባታል። በ80 ሰው ወይን ጠምቃ በእንግሊዝ ጨርቅ ብትለውጠው 10 ሰው ይተርፋታል። እንግሊዝም በ100 ሰው ጨርቅ ሠርታ፣ 120 ሰው ይፈጅባት የነበረውን ወይን ታገኛለች። እያንዳንዷ አንዱን ስትሠራ ከሌላው ምን ያህል ይቀርባታል? አንጻራዊ ብልጫ የሚለካው በዚህ ነው። ስለዚህ በሁሉም የምትበለጥ አገርም የምትሸጠው አታጣም።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ንግድ እያንዳንዱን ሰው ይጠቅማል» ማለት ሌላው ጫፍ ነው። ስሌቱ ስለ ፖርቱጋላዊው ሸማኔ አንዲት ቃል አይናገርም። ሸማኔው በማግስቱ ተነስቶ ወይን ጠማቂ አይሆንም። ሪካርዶ ራሱ ካፒታል ከአገር አገር እንደልቡ እንደማይዘዋወር ታሳቢ አድርጎ ነው የጻፈው። ክፍል ውስጥ ይህን የሚያነሳ መምህር ብዙ አይደለም።

ብልጫውም ተፈጥሮ የሰጠችን ዕጣ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዊግ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ዛሬ መርከብና የኮምፒውተር ቺፕ ትልካለች።

ወደ ጓዳ ስንገባ ደግሞ «የግድ የሆነ ነገር ምርጫ የለውም፤ ጤፍ ቢወደድም ያው ይገዛል» ይባላል። ወፍጮ ቤት ጎራ ብሎ ማየት ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ይቀላቀልበታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ይሆናል። ጤፍ ከሩዝ ጋር ሲነጻጸር ስለተወደደ ሰው ወደ ሩዙ ያዘነብላል፤ ይህ የመተካት ውጤት ነው። ደመወዙ ሳይነካ የመግዛት አቅሙ ስለወረደ ደግሞ ከሥጋውም ከቅቤውም ይቀንሳል፤ ይህ የገቢ ውጤት ነው። ጤፉን እርግፍ አድርጎ የሚተው ጥቂት ነው። ምርጫው ከአሥሩ ኪሎ ስንቱ ሩዝ ይሁን የሚለው ላይ ነው። ድግስ ሲኖር ደግሞ ሩዙ ይቀርና ንጹህ ጤፍ ይቦካል።