«ቶክሲክ ዩሪ» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?
ዩሪ ማንጋ (ማንጋ የጃፓን የስዕል ታሪክ ነው) ማንበብ የጀመራችሁ «ቶክሲክ ዩሪ» የሚለው ነገር ግራ ቢያጋባችሁ አይገርመኝም፣ አንዱ አንባቢ እያማረረ ይለዋል ሌላው ደሞ «በጣም ቶክሲክ ነው፣ የግድ አንብቡት» ይላል። ዩሪ በጃፓንኛ የሊሊ አበባ ነው፣ በማንጋ ደሞ የሴትና የሴት ፍቅር የሚተረክበት ዘውግ፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው ኮሚክ ዩሪ ሂሜ የተባለው መጽሔት ላይ ጣፋጩም ጨለማውም አለ። ቶክሲክ ሲባል ድርሰቱ ደካማ ነው ማለት ሳይሆን ግንኙነቱ ጤና የለውም ማለት ነው።

ከያንዴሬ ጋርም አታምታቱት። ያንዴሬ ፍቅሯ ወደ አባዜ ተቀይሮ ሰው እስከ መጉዳት የምትደርስ የገጸ ባህሪ አይነት ነው፣ «መታመም» እና «በፍቅር መቅለጥ» ከሚሉ ሁለት የጃፓንኛ ቃላት የተገጣጠመ። ቶክሲክ ግን የሁለቱን ግንኙነት ነው የሚገልጸው፣ ያለ ምንም ያንዴሬ ሊኖር ይችላል።

ለምሳሌ አንዷ ፍቅረኛዋ እንደተኛች ስልኳን አንስታ የጓደኞቿን ቁጥር አንድ በአንድ ታጠፋና ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ቁርስ ታቀርብላታለች እንበል። አንዱ አንባቢ እዛው ላይ ዘግቶት ይወጣል፣ ምናልባት በራሱ ላይ የደረሰ ነገር ይሆናል፣ ሌላው ልቡ እየመታ ቀጣዩን ምዕራፍ ይፈልጋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ታሪኩን የወደደን ሰው «የበደል ደጋፊ ነህ» ማለት በጣም ያናድደኛል፣ ሳያስጠነቅቁ «አሪፍ ፍቅር ነው» ብሎ መጋበዝም እንደዛው። እኔ የማየው ደራሲዋ ጉዳቱን ታውቀዋለች ወይ የሚለውን ነው፣ ቁርሱን የምትበላዋ ልጅ ፊት ላይ ፍርሃቱ ተስሏል ወይስ በአበባ ተሸፍኗል?